የተገለበጠው መስታወት

ወይዘሮ ፋናዬ የሞቱት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ፣ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። እንዲህ ያለውን ሞት ሐኪም "ልብ ነው" ብሎ ይፈርምበታል፤ ዘመድም አልቅሶ ይቀብራል። የዚያን ዕለት የመጣው ሐኪም ግን ችኩል አልነበረም። የሟቿን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ከውስጥ በኩል የገዛ ጥርሳቸው የበጣው ቁስል አገኘ። ቀና ብሎም "አንድ ሰው አፍኗቸዋል" አለ።

ይህን ቆማ የሰማችው ኢንስፔክተር ርብቃ ናት። ገና ልጅ ሳለች ስቶክሆልም የገባች፣ እዚሁ ተምራ መርማሪ ፖሊስ የሆነች ሴት ናት። ሟቿን "እትዬ ፋናዬ" እያለች ነው ያደገችው፤ የእናቷ የልብ ጓደኛ ነበሩ። አለቃዋ ሉንድ ይህን ያውቃል። "ቋንቋውን ካንቺ በቀር የሚያውቅልኝ የለም፤ እንባሽን ግን ለቤትሽ አቆይልኝ" ብሏታል። ሉንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኮላ ብቻ ይወዳል። የዚያን ሰሞን ደግሞ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ነበር፤ የዚህ ጉንፋን ነገር ኋላ የሚያስቆጭ ሆነ።

ቤቱ ስፖንጋ በምትባል የስቶክሆልም ዳርቻ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከጥድ አጥር ኋላ የተሸጎጠ አሮጌ የእንጨት ቪላ ነው። እትዬ ፋናዬ ምድር ቤቱን ተከራይተው ይኖሩ ነበር። መግቢያው ዙሪያውን መስታወት የሆነ በረንዳ ነው፤ በሩም ራሱ በትናንሽ መስታወቶች የተከፋፈለ ነው። መስታወቶቹ የዱሮ ናቸው። በእነርሱ አሻግረው ሲያዩ የግቢው ዛፎች ውሃ ውስጥ እንዳሉ ይወዛወዛሉ። ከመቀርቀሪያው አጠገብ ያለው አንዱ መስታወት ተሰብሮ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ተበትኗል።

ርብቃ ስብርባሪውን እየተጠነቀቀች ገባች። በረንዳው ብርድ ነው። ሽታው ግን ሞቅ ያለ፣ የቤት ሽታ ሆነባት፤ ተልባ ነው። እትዬ ፋናዬ ሆዳቸውን ሲያማቸው ተልባ በጥብጠው ይጠጡ እንደነበር ትዝ አላትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የተጣለውን ነጠላ ጫማ፣ ሁሉንም መዘገበች። ሽታውን ግን አልመዘገበችውም። የተልባ ሽታ ማን ይመዘግባል?

*

ሬሳውን ያገኘው ታሪቅ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ሄምሸንስት ውስጥ ይሠራል፤ ማዘጋጃ ቤቱ አረጋውያንን በየቤታቸው እንዲረዳ የሚልከው ሠራተኛ ነው ማለት ነው። ርብቃ ፊት ሲቀመጥ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር።

"የቤቱ ቁልፍ አለህ። ታዲያ መስታወት ለምን ሰበርክ?" አለችው።

"ቁልፌማ ዞረ፤ በሩ ነው እምቢ ያለው። ከውስጥ ቀርቅረውታል። ሰሞኑን መቀርቀር ጀምረው ነበር።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ ወዲህ። 'ታሪቅ፣ ስትመጣ ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ድምፅህን ሳልሰማ አልከፍትም' አሉኝ። ሳቅሁባቸው።" ፊቱን በደህናው እጁ ሸፈነ። "ወላሂ፣ እኔ እኮ ሳቅሁባቸው!"

"ከዚያስ?"

"ዛሬ ጠዋት ስሜን ጠራሁ። ዝም። በመስታወቱ ሳይ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። ያኔ መስታወቱን በክርኔ መታሁት፤ እጄን አስገብቼ መቀርቀሪያውን ሳብኩ።"

"ውስጥ ስትገባ ለየት ያለ ነገር አልነበረም?"

"ምንም። ተልባ ተልባ ይሸት ነበር። ጠጥተው አረፍ ያሉ ነው የመሰለኝ።"

"አዎ፣ እኔንም ሸቶኛል" አለችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች።

ሉንድ ከመስታወቱ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ያይ ነበር፤ ርብቃ ወጥታ የተባለውን ተረጎመችለት። አፍንጫውን እየጠረገ "ቤቱ የተዘጋ፣ ቁልፉ የእሱ፣ ተቀርቅሮ ነበር የሚለውም እሱ ብቻ" አላት። "ሐኪሙ ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው የሞቱት ይላል፤ ልጁ ደግሞ ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ ይላል። ምን ቀረሽ?"

"ምክንያት ቀረኝ" አለች ርብቃ። ታሪቅ ግን የዚያን ዕለት ጣቢያ ታስሮ አደረ።

*

ርብቃ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ሄሰልቢ፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወይዘሮ ሙሉመቤት መርዶውን ሰምታለች። እሪ ብላ ታለቅሳለች ብላ የፈራቻት እናቷ ግን መጋረጃውን ሁሉ ዘግታ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ፣ ምነው ጨለማ ውስጥ?"

"ዝም በይ። በሩን ዝጊው።" እናቷ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። "ፋናዬ በልብ አልሞተችም፤ አይደል?"

ርብቃ የእናቷን እጅ አጥብቃ ያዘች። እናቷም መልሱን ከዚያ ወሰደች።

"እሑድ ማታ ደወለችልኝ" አለች እናቷ በቀስታ። "'ሙሌ፣ ድምፁን ሰማሁት' አለችኝ። የማንን ድምፅ ብዬ አልጠየቅኋትም። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ በደርግ ጊዜ ለጸሎት ተሰብስባችኋል ብለው እኔንና እሷን አንድ ላይ ነው የወሰዱን። የምንመረመርበት ክፍል ስንገባ ዓይናችንን በጨርቅ ያስሩታል። ሰውየውን በመልኩ የምታውቀው አንዲትም ሴት የለችም። 'አትንቀሳቀሱ!' ይላል፤ እኛም ድንጋይ እንሆናለን። ያ ድምፅ ነው። እዚህ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሰማሁት አለችኝ።"

"ማን ነው አለችሽ?"

"ነይ ንገሪኝ ብላት 'በስልክ አይሆንም፤ ረቡዕ ስትመጪ ጆሮሽ ላይ እነግርሻለሁ' አለች።" እናቷ ጉልበቷን መታች። "ስልክ ይጠለፋል ብላ እኮ ነው! እዚህ አገር የሁለት አሮጊቶችን ወሬ ማን ይጠልፋል? እኔም እሷም እንዲያ ሆነን ቀረን። ስሙን ሳትነግረኝ ይኸው ረቡዕ መጣ።"

ርብቃ ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንደዚያ ቀን ግን ፈርታ አታውቅም። እዚህ ከተማ ድምፁን የሚያውቁት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ተገድላለች። የቀረችው ከፊቷ ተቀምጣለች።

"ተነሺ፣ እኔ ቤት ነው የምታድሪው። ሰውየው እስኪያዝ ድረስ ብቻሽን የትም አትሄጂም።"

እናቷ ልብሷን ወደ መሰብሰቡ ገባች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። "ዓርብ የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነው" አለች። ስዊድን የኖረ ሰው ይህን ይረዳል፤ የጋራ ማጠቢያ ቤት ተራ ከያዙ በኋላ መቅረት ነውር ነው።

"ይቅርብሽ!" አለች ርብቃ።

*

በማግስቱ ምሽት የእትዬ ፋናዬ ጉባኤ በሚሰበሰብበት ጸሎት ቤት አዳራሽ ውስጥ ርብቃና ምእመናኑ ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። ጉባኤው ይህን አሮጌ የእንጨት ቤት ከስዊድኖች ከገዛው ወዲህ ምእመናኑ በትርፍ ጊዜያቸው መስኮቶቹን ሲያድሱ ከርመዋል። ሥራውን የሚመሩት የአውቶቡስ ሹፌሩ አቶ ክፍሌ ናቸው። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ "ጌታ ያጽናሽ፣ ልጄ!" ሲሏት አዳራሹ አስተጋባ። ርብቃ ልቧ ዘለለ። ከእንግዲህ ወፍራም ድምፅ በሰማች ቁጥር እንዲህ ልትደነግጥ ነው እንግዲህ!

"እሑድ ዕለት እትዬ ፋናዬ እዚህ ምን ገጠማቸው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ምን ይገጥማታል? ሻይ ይዛልን መጣች። እኛ ትልቁን መስታወት ተሸክመን ነበር፤ ከእጃችን ሊያመልጥ ሲል ሁላችንም ጮህን። እሷ ደንግጣ ትሪውን ጣለችው። ሳትሰናበተን ወደ ቤቷ ሄደች።"

"አብረዋችሁ እነማን ነበሩ?"

"እኔ፣ ወንድም ተገኝ፣ ሁለት የስዊድን ወንድሞች።" አቶ ክፍሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ትከሻ ያዙ። ተገኝ ቀጠን ያለ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ፣ አምሳውን ያለፈ ሰው ነው። ከዮተቦሪ ከተማ ወደ ስቶክሆልም የመጣው ባለፈው የጸደይ ወራት ነው። ጉሮሮው ታሞ በሹክሹክታ ብቻ ነው የሚናገረው። ርብቃን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጨበጣት።

"ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበራችሁ? ሁሉንም ነው የምጠይቀው" አለች።

አቶ ክፍሌ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። "ሥራ ነዋ። አውቶቡሴ ላይ።"

ተገኝ በሹክሹክታ "ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ እነ ብርቅአየሁ ቤት መስኮት ስሠራ ዋልኩ" አለ። "መስኮቱ ይመስክር።"

ብርቅአየሁ ሻይ እያዞረች ነበርና ሰማችው። "እውነቱን ነው! ክፈፉን አውልቆ ወስዶት ነበር። ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እንደ አዲስ ተሠርቶ ቦታው ቆሟል፤ ቀለሙ ሳይቀር። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ዋለ።"

አቶ ክፍሌ ርብቃን ሸኟት። በዚያ በማይደበቅ ድምፃቸው ከአዳራሹ መሃል "እናትሽ እንዴት ሆነች? ከፋናዬ ጋር አብራ የታሰረች ሴት፤ እሷ ናት የተጎዳችው!" አሉ።

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ርብቃ ዞራ ፊቶቹን ቃኘች። ከተቀመጡት ሁሉ ማንኛው ጆሮ ይህን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አታውቅም።

ያን ምሽት አቶ ክፍሌ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ደወለች። ማክሰኞ ሥራ አልገቡም።

*

ዓርብ ጠዋት የፖሊስ ላቦራቶሪዋ መሐንዲስ ጉኒላ ስብርባሪዎቹን በጠረጴዛ ላይ ገጣጥማ ጠበቀቻት። ጉኒላ ስለ መስታወት ስታወራ ፊቷ ይበራል።

"እዪው እንግዲህ። ይህ በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ነው። ባለሙያው የቀለጠውን መስታወት እንደ ረጅም ጠርሙስ ይነፋዋል፤ ጫፍና ጫፉን ይቆርጣል፤ ጎኑን ሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ ይዘረጋዋል። ሞገዱና አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው።"

"እየፈሰሰ ነው ሲሉ ነው የሰማሁት። በዘመን ብዛት ወደ ታች ይፈስሳል ይላሉ።"

"ተረት ነው። መስታወት አይፈስም፤ ሲሠራ ያገኘውን ቅርጽ ይዞ ይኖራል። አሁን ስንጥቁን ተመልከቺ። መስታወት ሲመታ ከመሃል እየፈነጠቁ የሚሄዱት ስንጥቆች የሚጀምሩት ከተመታበት በስተጀርባ ነው። እነዚህ መስመሮች ደግሞ የተመታው ከውጭ እንደሆነ ይናገራሉ። ልጁ እውነቱን ነው።"

"ሉንድ ይህ ብቻውን ነጻ አያወጣውም ይላል።"

"ይህስ?" ጉኒላ አንዱን ስባሪ ገለበጠችው። "የዚያን በረንዳ መስታወት ሁሉ በውጭው ገጹ ዝናብና ፀሐይ አደንዝዞታል። የዚህ ደንዛዛው ገጽ ግን ወደ ቤት ዞሮ ነበር። ተገልብጦ ነው የገባው።"

ርብቃ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ሽታው መጣባት። ተልባ። ነጩ የላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ፣ የእትዬ ፋናዬ ወጥ ቤት በሌለበት፣ ያው ተልባ።

"ጉኒላ፣ ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?"

"ስቱኮው ነዋ። መስታወቱን ከእንጨቱ የሚያጣብቀው። የጠመኔ ዱቄትና የተልባ ዘይት ተለውሶ ነው የሚሠራው። ትኩስ ሲሆን እንዲህ ይሸታል። የትኛውም ስዊድናዊ አፍንጫ ያውቀዋል።"

ጉንፋን ካልያዘው ማለት ነው። ርብቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከወጥ ቤቱ የተመዘገበ ተልባ እንዳልነበረ አሁን ገና አስተዋለች። እሷም ታሪቅም ሽታውን ያውቁታል፤ ስለሚያውቁት ነው ያለፉት። ሀፍረቱ ጆሮዋን አጋላት።

"ስቱኮው ገና ሊጥ ነው" አለች ጉኒላ። "የላዩን ቆዳ ለማውጣት እንኳ ሳምንታት ይፈልጋል። ቆዳ ሳያወጣም ቀለም አይቀባም። አሮጌ እንዲመስል አመድ አሽተውበታል። ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የተመረገው። የታችኛው በስፓቱላ፣ በመምረጊያ ቢላ፣ ጥሩ ተደርጎ፤ የላይኛው በጥድፊያ፣ በአውራ ጣት። አንድ ሰው መስታወቱን አውጥቶ መለሰው። ከዚያ እንደገና አውጥቶ መለሰው፤ ሲቸኩል ገለበጠው።"

"ሁለት ጊዜ ለምን?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ መስታወት ነው የማውቀው።"

ርብቃ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ገባት። እዚያው በረዶው ላይ ቆማ ቀረች። የመጀመሪያው ለመግባት ነው። እትዬ ፋናዬ ከቤት እንደወጡ ሰውየው መስታወቱን አወጣ፤ እጁን ሰዶ ቁልፉን ከፈተ፤ መስታወቱን መልሶ መረገና ቤት ውስጥ ተደበቀ። እትዬ ፋናዬ መጡ። ሁሉም ደህና መሆኑን አዩ። ገቡ፤ በሩን ቀረቀሩ፤ ያንን ድምፅ ውጭ ዘጋሁበት ብለው እፎይ አሉ። ከእርሱ ጋር ነው የተዘጋባቸው። ሁለተኛው ደግሞ ለመውጣት ነው። ወጥቶ በቀዳዳው እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን መለሰ፤ ሽማግሌ ሴት በተዘጋ ቤት ብቻዋን ሞተች እንዲባል።

*

አቶ ክፍሌን ጣቢያ አስጠርታ ነበርና ስትመለስ ሉንድ አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። "ማክሰኞ ሥራ አልነበሩም፤ ዋሹኝ" አለቻቸው።

አቶ ክፍሌ ባርኔጣቸውን ሲያሹ ቆዩ። "ሆስፒታል ነበርኩ። ኩላሊቴ አልሠራ ብሏል። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ፊት አዳራሽ ውስጥ ምን ልበልሽ?" አሉ። ያ ጎርናና ድምፅ ልትሰማው እስኪቸግራት ቀጠነ።

ሉንድ ሆስፒታሉ ደውሎ አረጋገጠ። ርብቃ ከልቧ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ከዚያም "እሑድ መስታወቱ ሊወድቅ ሲል መጀመሪያ የጮኸው ማን ነበር?" አለች።

አቶ ክፍሌ ፊታቸው ፈታ አለ። "ይህንስ ስነግርሽ ደስ ይለኛል። ወንድም ተገኝ ነው! 'አትንቀሳቀሱ!' ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ክው አልን። ጌታ ጉሮሮውን ፈወሰው ብለን እልል አልን፤ እጃችንን ጭነን አመሰገንን። ሰኞ ግን ወደ ሹክሹክታው ተመለሰ። ፈውሱ አልጸና አለ መሰል።"

ርብቃ ቃሉን ከእናቷ አፍ ሰምታዋለች። ለሉንድ ተረጎመችለት። ሉንድ አፍንጫውን ጠርጎ "የጮኸ ሁሉ አይገድልም። ይህ ሰው ምስክር አለው፤ ቬስቢ ነበር" አለ።

"ምስክሩ መስኮት ነው" አለች ርብቃ። "እንሂድና እንጠይቀው።"

*

ብርቅአየሁ ዓርብ ዕረፍቷ ነበር። መስኮቱን እየኮራች አሳየቻቸው። ርብቃ ውጭ ወጥታ የስቱኮውን ጠርዝ በጥፍሯ ተጫነችው። ጥፍሯ ተመለሰ። ስቱኮው እንደ ቀንድ ደርቋል፤ በላዩም ቀለም ተቀብቶበታል።

"ማክሰኞ ከሆነ የተሠራው ጥፍሬ ይሰምጥ ነበር። ቀለምም አይቀባም ነበር" አለችው ለሉንድ። "ክፈፉን ሞቃት ቤት ወስዶ ከሳምንታት በፊት ነው የጨረሰው። ማክሰኞ አምጥቶ አንጠለጠለውና ሄደ።"

ሉንድ እሱም በተራው በጥፍሩ ሞከረው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

"ተገኝን ዛሬ አይተሽዋል?" ርብቃ ብርቅአየሁን ጠየቀቻት።

"አላየሁትም፤ ሄሰልቢ መሰለኝ። ትናንት ለቅሶው ላይ አንቺ ከሄድሽ በኋላ እናትሽ ከሴቶች ጋር መጥታ ነበር። ነገ ልብስ ላጥብ ቤቴ እሄዳለሁ ስትል ተገኝ 'የበሯ መስታወት ተሰንጥቋል አሉኝ፤ ብቅ ብዬ አይላታለሁ' አለን። ደግ ሰው እኮ ነው።"

ርብቃ የብርቅአየሁን ስልክ አነሳች። የራሷ ቤት ጠራ፤ ማንም አላነሳም። ጣቷ እየተሳሳተ ሄሰልቢ ደወለች።

"ሄሎ?"

"እማዬ! ለምን ወጣሽ?"

"ምን ላድርግ፣ ተራዬ ነዋ! ደግሞ አትቆጪኝ። ያለሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አሁን ገና መግባቴ ነው፤ በሩንም በሚገባ ቀርቅሬዋለሁ።"

ርብቃ ግድግዳውን ተደገፈች። "እማዬ፣ ቤቱ ምን ይሸታል?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቆይ እስቲ..." እናቷ ስታሸት ተሰማት። "ተልባ ተልባ ይላል። ይህቺ ከላይ ያለችው ፈረንጅ ተልባ ትጠጣለች እንዴ?"

ሉንድ የርብቃን ፊት አይቶ ሞባይሉን አወጣ፤ ለአካባቢው ፖሊስ አድራሻውን መናገር ጀመረ። ርብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማዬ፣ የምነግርሽን ስሚና ሳቂ። እንዳትጮሂ። ሰውየው ቤት ውስጥ ነው።"

ርብቃ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ከዚያ እናቷ ሳቀች። ደረቅ፣ አጭር ሳቅ ነበር።

"የልብስ ማጠቢያው ተራሽ ሊያልፍ እንደሆነ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ስልኩን እንዳለ ተዪው። ውጪ፤ ማጠቢያ ቤቱ ገብተሽ ቆልፊ።"

"ውይ በሞትኩት!" አለች እናቷ ጮክ ብላ። "ማሽኑን ረስቼው! አሁን እነዚህ ጎረቤቶች ይሰድቡኛል። ቆይ ወረድ ብዬ ልምጣ፣ እንዳትዘጊው!"

እጀታው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ነጠላ ጫማ ሸርተት ሸርተት አለ፤ አልሮጠችም፤ እናቴ እንዳትሮጥ እያለች ርብቃ በልቧ ትለምን ነበር። መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ ምንም የለም።

ከዚያ ግን ወለሉ ተንቋቋ። አንድ ሰው የስልኩን እጀታ አነሳው። ትንፋሽ ሰማች። ሰውየው ምንም አልተናገረም፤ ይሰማል ብቻ። ርብቃም ትንፋሿን ዋጠች። እናቷ ወጥታ ስንት እርምጃ ሄዳ ይሆን? ስልኩ ተዘጋ።

*

ከቬስቢ እስከ ሄሰልቢ ያለውን መንገድ ሉንድ እንዴት እንደነዳው ርብቃ አታስታውሰውም። እግዚአብሔርን እየለመነች፣ እየተቆጣችውም ነበር። ግቢው ሲደርሱ ሁለት የፖሊስ መኪናዎች ቆመዋል። ተገኝን ከቤቱ ኋላ አጥር ሲዘል ነው የያዙት። ከኪሱ ስፓቱላና በላስቲክ የተጠቀለለ የስቱኮ ጓል ወጥቷል።

እናቷ ከማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። በዚያ ብርድ ነጠላ ጫማ ብቻ አድርጋ የልብስ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ርብቃ ሮጣ አቀፈቻት።

"ነይ፣ መኪና ውስጥ እንግባ። እዚህ መቆም የለብሽም" አለቻት።

"አይ፤ ልየው" አለች እናቷ።

"እማዬ፣ ግድ የለም..."

"ልየው አልኩሽ። አይቼው አላውቅም።"

ሁለት ፖሊሶች በመሃላቸው ይዘውት መጡ። ሻርፑ ከአንገቱ ወልቋል። አንገቱ ላይ ጠባሳ የለም፤ እንደ ማንኛውም ሰው አንገት ነው። እናቷ የርብቃን ክንድ ጨብጣ ወደ ፊት ራመድ አለች። እሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እሷ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

"አትዪኝ!" ብሎ ጮኸ።

ድምፁ ወፍራም ነበር፣ የሚያዝ ድምፅ። ፖሊሶቹ ራሳቸው ብርግግ አሉ። የእናቷ ጣቶች የርብቃ ክንድ ውስጥ ሰመጡ፤ ዓይኗ ከልማዱ ሊከደን ሲል ርብቃ አየች። አልተከደነም። ወይዘሮ ሙሉመቤት ሰውየውን ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ የሳሳ ጸጉሩን፣ በብርዱ የሚያነባውን ዓይኑን ተራ በተራ አየችው። መኪናው ውስጥ አስገብተው በሩ እስኪዘጋበት ድረስ ዓይኗን አላነሳችም።

ሉንድ ራቅ ብሎ ታሪቅን እንዲለቁት በሞባይሉ ይነጋገር ነበር።

"ይቺን የሚያህል ሰው ነው?" አለች እናቷ ቆይታ። "እኔ እኮ ግዙፍ አድርጌ ነበር የምፈራው።" ከዚያ ወደ ርብቃ ዞረች። "ፋናዬ አይታው ይሆን? ወይስ ከኋላዋ ነው የመጣባት?"

ርብቃ የሚያጽናና ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም። "አላውቅም፣ እማዬ።"

እናቷ መኪናው ወደ ሄደበት አቅጣጫ እንዳየች ራሷን ነቀነቀች።

"እንግዲያው እኔ አየሁላት" አለች።